የሰፈር ስምና የክርስትና ስም



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል የተነገረው ስለ ሰው ስም ነው። ስለ ሰፈር ስም ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ ግን፣ መልአኩ ብቻ ሳይሆን ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ መንገደኛውም፣ ቀልደኛውም ጭምር ያወጣዋል ሳይሉን አይቀሩም ነበር። በየቀኑ በአፋችን እየጠራናቸው ትርጓሜያቸውን ለመጠየቅ ግን ጊዜ ያልሰጠናቸውን የሰፈርና የከተማ ስሞች በዚህ ወር ከቤተ ሰቦቻችን ጋር ለመመልከት ያሰብነው፣ በቡራዩ በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ በእንግድነት በተገኘንበት ቀን ከሰማነው የአንድ ሕፃን ጥያቄ የተነሣ ነው።

ቤተ ሰቡ በገፈርሳ አቅራቢያ ቤት ተከራይቶ መኖር ከጀመረ ብዙ ጊዜው አይደለም። አባትየው ተወልዶ ያደገው በአዲስ አበባ፣ በፒያሳ አጠገብ፣ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው እንደ አዲስ ሊሠራ ሲፈርስ ያም ሰፈር አብሮ ፈረሰ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እርሱም ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ምዕራብ ወጣ። እኛ በሄድንበት ቀን ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ ነበር። በአጥር የሚጎራበቱ አንዲት ባልቴትም ለቡናው ተጠርተው መጥተዋል። እኚህ እናት እዚያው ገፈርሳ ተወልደው፣ እዚያው አግብተው፣ እዚያው የልጅ ልጅ ያዩ ናቸው።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ከልጆቹ አንዱ ደብተሩን ይዞ መጣና፣ «አባዬ፣ ገፈርሳ ማለት ምን ማለት ነው? መምህራችን የሰፈራችሁን ስም ትርጉም ጠይቃችሁ ኑ ብላናለች» አለው። አባትየው ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «እኔ ምን ዐውቃለሁ ልጄ፤ እኛ እኮ ለዚህ አገር እንግዶች ነን» ሲል መለሰለት። ባልቴቲቱ ግን ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና፣ «ና ልጄ፣ እኔ ልንገርህ። ገፈርሳ በእኛ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ጎሹን እኔ አላየሁትም፤ እናቴም አላየችውም። ስሙን ግን እየተቀባበልን ኖርን» አሉት።

ልጁ ደስ ብሎት ጻፈ። ወዲያውም እኚያ እናት ወደ አባቱ ዞር ብለው፣ «ያንተስ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ የተባለው ስለ ምን ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ሳቀ፤ ከአያቱ የሰማው አንድ ነገር፣ ከሰፈሩ ጎረምሶች የሰማው ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን፣ ሁለቱም እንደማይስማሙ፣ ዶሮዎቹን ማን እንዳነቃቸው የተጠየቀ ሁሉ የተለያየ ጥፋተኛ እንደሚሰጥ አጫወተን። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሣቁ ሲበርድ ግን አባትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁንማ ሰፈሩም የለ። የሌለ ሰፈር ታሪክ ለልጆቼ ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል?» አለን።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን። ይህም ጽሑፍ ለዚያ አባት የምንሰጠው መልስ ነው። እርሱን የመሰሉ አያሌ አባቶችና እናቶች ዛሬ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስለሚኖሩ፣ መልሱ ለሁሉም ይሆናል ብለን እናምናለን።

ከቃሉ እንጀምር። «ሰፈር» የሚለው ቃል የወጣው «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሰፈረ ማለትም ጉዞውን ገትቶ፣ ድንኳኑን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሰፈር በመጀመሪያ ትርጓሜው የዘመቻ ማረፊያ ነበር። በቀድሞው የነገሥታት ሥርዓት ሠራዊቱ ሲሰፍር የንጉሡ ድንኳን ከመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ እያንዳንዱ ከጭፍራው ጋር የታወቀ ቦታ ይይዛል። በጨለማ የመጣ መንገደኛ እንኳ የማን ሰፈር የት እንደሆነ አይስተውም ነበር።

አዲስ አበባም በጅማሬዋ ይህንኑ ሥርዓት ተከትላለች። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከፍል ውሃው አጠገብ ለተሠራው መንደር አዲስ አበባ የሚለውን ስም ሲያወጡ፣ ቦታው ቀድሞ ፊንፊኔ ይባል ነበር። ቤተ መንግሥቱ በአንደኛው ኮረብታ ላይ ሲሠራ፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ በየዙሪያው ኮረብታ ላይ ቦታ እየተሰጣቸው ግቢያቸውን አጠሩ፤ ጭፍራቸውም በየግቢው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። በመካከላቸው ወንዙና ገደሉ ይለያቸው ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር እየተባሉ የቀሩት ስሞች ከዚያ ጊዜና ከዚያ ሥርዓት የተወለዱ ናቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር የሆኑት ናቸው፤ ዛሬ ስማቸውን በየቀኑ የሚያነሣው ግን ድልድዩን የሚሻገር መንገደኛ ነው። ጌታው አለፉ፤ ጭፍራውም አለፈ፤ ግቢው ተከፋፈለ፤ ስሙ ግን ቆመ።

በጌታ ስም ያልተጠራው ሰፈር ደግሞ በነዋሪው ተጠራ። አንጥረኛው፣ ብረት ሠሪው፣ ሌላውም ባለ እጅ የተሰበሰበበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ከሩቅ አገር የመጣውም የአገሩን ስም እንደ ስንቅ ተሸክሞ መጣ፤ ጎፋ ሰፈር፣ ወሎ ሰፈር፣ መንዝ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የዚህ ምስክሮች ናቸው። እንግዲህ የዛሬዎቹ ከሰፈራቸው የተነሡ ቤተ ሰቦች የመጀመሪያዎቹ እንዳይመስሏቸው፤ አሮጌዋ አዲስ አበባ ራሷ ከየአገሩ ተነሥተው የመጡ ሰዎች የሰፈሩባት ከተማ ነበረች።

ሦስተኛው ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። ታቦቱ የገባበት አካባቢ ሁሉ ብዙ ሳይቆይ የታቦቱን ስም ወርሷል። ልደታ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ቂርቆስ፣ ኡራኤል፣ ጊዮርጊስ ብለን የምንጠራው ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይደለም፤ መንገዱን፣ ገበያውን፣ የታክሲ መቆሚያውን ጭምር ነው። የታክሲ ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ «ኡራኤል! ኡራኤል!» እያለ ሲጣራ የሰማ የገጠር ሰው ጸሎት መስሎት ቢያማትብ አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው ቀራንዮም ስሙን ያገኘው መድኃኔ ዓለም ከተሰቀለበት ቦታ ስም ነው፤ ቃሉ ከጽርዕ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ራስ ቅል ማለት ነው።

አራተኛው ምንጭ ሕዝቡ በሚያየው ነገር የሚቀልደው ቀልድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባሉ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው ነበር፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አለው። ያ መኪና ተሰብሮ በወደቀበት ስፍራ ቀረ፤ አካባቢውም ሰባራ ባቡር ተባለ። ብረቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ስብራቱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይነገራል። እሪ በከንቱ የሚባለውም ሰፈር፣ ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው አነጋገር፣ በጨለማ ወንበዴ የያዘው ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት ያልነበረበት ገደላማ ቦታ ነበር። ስሙን ያወጣው ሰው ጉዳቱን በሁለት ቃል ጽፎ አለፈ።

አምስተኛው ምንጭ ከባሕር ማዶ የመጣ ቋንቋ ነው። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ውስጥ አያሌ ስሞች ተተከሉ። ፒያሳ በኢጣልያንኛ አደባባይ፣ መርካቶም ገበያ ማለት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው የኢጣልያ ድርጅት አሕጽሮተ ስም ጋር «ካዜ» ማለትም «ቤቶች» የሚለው ቃል ተጋጥሞ በአፋችን ተለስልሶ የተሠራ ነው። ወራሪው ተባረረ፤ ሕዝቡ ግን ስሙን አላባረረውም፤ በራሱ አፍ አሽቶ የራሱ አደረገው። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. በብዛት ፈርሷል፤ ሆኖም ከዚያ የተነሡት ሰዎች ዛሬም «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» ማለታቸውን አልተዉም።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ለልጆቻችን እንዲደርስልን እንወዳለን፤ ስም መልኩን አይቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ለገጣፎንና ለገዳዲን እንውሰድ። «ለገ» የሚለው መነሻቸው በኦሮምኛ ወንዝ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ይህን የተማረ ልጅ ለገሃርንም እንደዚያው ከወንዝ ጋር ሊያዛምደው ይችላል። ለገሃር ግን የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ስሙም ከጅቡቲ ከመጣው የምድር ባቡር ጋር ወደ ከተማችን ገባ። ሦስት ስሞች አንድ ዐይነት መልክ ይዘው ተቀመጡ፤ ሁለቱ ከወንዝ ዳር፣ አንዱ ከሐዲድ ላይ። ስለዚህ ትርጓሜ ከመስጠት በፊት፣ ስሙን ያወጡት ሰዎች በምን ቋንቋ ይነጋገሩ እንደነበር መጠየቅ ይገባል።

ይህም ጥያቄ በቀጥታ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ያደርሰናል። እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን በደቡብ ምዕራብ፣ በምዕራብና በሰሜን በኩል የሚያዋስኑ፣ በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በአንድነት ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሸገር የሚለውም ራሱ አዲስ አበባ ስትቆላመጥ የምትጠራበት ስም እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። የእነዚህ አገሮች የቆዩ ስሞች በአብዛኛው የኦሮምኛ ስሞች ናቸው፤ ምክንያቱም ከተማ ሳይሆኑ፣ መስክና ደን ሳሉ፣ የሰየማቸው በዚያ ከብቱን ያሰማራ፣ ማሳውን ያረሰ የኦሮሞ ሕዝብ ነው። በአዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ጉለሌን፣ ከከተማው በስተ ደቡብም ገላንን ብንወስድ፣ የኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው።

ቡራዩን እንመልከት። የገፈርሳ ግድብ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ሲያቀርብ የኖረ ነው። በዶሮ ማነቂያ፣ በካዛንቺስና በልደታ ከቧንቧ ውሃ የቀዳች ሴት ሁሉ፣ ሳታውቀው የገፈርሳን ስም በእንስራዋ ይዛ ወደ ቤቷ ገብታለች ማለት እንችላለን። እንግዲህ ያ አባት «ለዚህ አገር እንግዶች ነን» ሲል፣ ያደገበት ውሃ ከዚያው ከጎሹ አገር የወረደ ሊሆን እንደሚችል አላሰበም። እዚያው አጠገብ መልካ ገፈርሳ የሚባልም ቦታ አለ፤ «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻ ያወቀ ልጅ፣ ዛሬ መኪናና ሱቅ በሞላበት ስፍራ፣ ቀድሞ የወንዝ መሻገሪያና የዱር ጎሽ ትዝታ እንደነበረ በዐይነ ልቡናው ማየት ይችላል። ከዚያ አልፎ አሸዋ ሜዳ ሲደርስ ደግሞ በአማርኛ የተሰየመ ቦታ ያገኛል። አንዱ መንገድ ሁለቱንም ቋንቋ አስማምቶ ይሄዳል።

በዚያው በምዕራቡ መንገድ ገፋ ሲሉ መናገሻ ይገኛል፤ ስሙም የንግሥና ስፍራ ማለት ነው። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን በተመለከተ የቆየ ትውፊት አለ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ሩቅ መንገድ ተጉዞ የመጣ ዘር በማያውቀው አፈር ሥር ሰድዶ የአገሩ ጌጥ መሆኑን ይህ ትውፊት ይነግረናል፤ ከቦታ ወደ ቦታ ለተዛወሩ ቤተ ሰቦች ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ አናውቅም።

በወጨጫ በስተ ደቡብ ሰበታ አለች። በኦሮምኛ «ሰበታ» የመቀነት ስም ነው፤ ከተራራው ግርጌ የተዘረጋችውን ከተማ ከሩቅ ያየ ሰው ስሙ ከመልኳ ጋር የተስማማ ይመስለዋል። በሰበታ የሚገኘው የሴቶች ገዳም ደግሞ ጌቴሴማኒ ተብሎ የተሰየመ ነው። ጌቴሴማኒ ጌታችን ከሕማሙ በፊት የጸለየበት የአትክልት ስፍራ ሲሆን፣ የቃሉ ትርጓሜ የዘይት መጭመቂያ ማለት ነው። እነሆ፣ መቀነትና የዘይት መጭመቂያ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ አንዱን የዚያው አገር ሰው፣ ሁለተኛውን የኢየሩሳሌም ናፍቆት ሰየመው፤ አንዱም ሌላውን «ተነሣልኝ» አላለውም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መነሻም ሰበታ ነው፤ ለአያቶቻችን ለገሃር የነበረው ለልጆቻችን ሰበታ ሆኗል። በአዲስ አበባና በሰበታ መካከል ያለው የዓለም ገና ስም ደግሞ ለሰሚው ሁሉ ተስፋን ይናገራል፤ ደስታው ወደፊት እንጂ ከኋላ አይደለም የሚል ይመስላል።

ወደ ሰሜን ወጥተን እንጦጦን ስንሻገር የሱሉልታ ሜዳ ከፊታችን ይዘረጋል። «ሱሉላ» በኦሮምኛ ሸለቆ ማለት ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ቁልቁል የተመለከተ መንገደኛ ይህን ቃል ሲሰማ በዐይኑ ያየው ነገር በጆሮው የተደገመለት ይመስለዋል። ይህ መንገድ ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰቦች በተለይ የታወቀ ነው፤ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄደው ተሳላሚ ሁሉ ሱሉልታንና ጫንጮን አልፎ ነውና። ደብረ ሊባኖስም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ በዚህ ስም አልተጠራም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲመሠርቱት ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ተብሎ የተሰየመው ከመቶ ዓመታት በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በየመጻሕፍቱና በአባቶች አንደበት ግን ሁለቱም ስሞች ይኖራሉ፤ ደብረ አስቦ ያለ ሰው ደብረ ሊባኖስን አላቃለለም።

እንግዲህ ልንል የፈለግነው ነገር ከዚህ ላይ ነው። እያንዳንዳችን ሁለት ስም አለን። እናታችን ወይም አባታችን ያወጡልን አንድ ስም አለ፤ ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ደግሞ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጣል። የክርስትናው ስም የእናትን ስም አያጠፋውም፤ የእናት ስምም የክርስትናውን አያደበዝዘውም። በአንዱ ለምግብ እንጠራበታለን፤ በሌላው በቅዳሴ እንታሰብበታለን። አንድ ሰው በሁለት ስም ሲጠራ ሁለት ሰው ሆነ የሚል የለም።

አገርም እንዲሁ ነው። ፊንፊኔና አዲስ አበባ፣ ደብረ አስቦና ደብረ ሊባኖስ በአንድ ምድር ላይ ያረፉ ስሞች ናቸው። በምሥራቁ መንገድ ያሉት ሁለት ከተሞች በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከቅዱስ መጽሐፍ ስም ወጥቶላቸው ናዝሬትና ደብረ ዘይት ተብለው ነበር፤ ዛሬ በቀድሞ ስማቸው አዳማና ቢሾፍቱ ተብለው ይጠራሉ። ስም ይሄዳል፤ ስም ይመለሳል። መዝገብ የሚጽፈው ሹም ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ በቤቱ ውስጥ ልጁን የሚያስተምር አባት ግን ሁለቱንም መንገር ይችላል። የፊተኛውን ስም የነገረን ልጅ የኋለኛውን የሚጠላ፣ የኋለኛውን የወደደ ልጅ የፊተኛውን የሚንቅ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከስሙ ሳይሆን ከአነጋገራችን ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት በ26ኛው ምዕራፍ ስለ ይስሐቅ የሚነግረን ታሪክ ለዚህ ነገር ታላቅ ምሳሌ ነው። አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጕድጓዶች ከሞተ በኋላ ጠላቶች አፈር ሞልተው ደፍነዋቸው ነበር። ይስሐቅ እንደገና ቆፈራቸው፤ ሲቆፍራቸውም አባቱ በጠራቸው ስም ጠራቸው። ጕድጓዱ ተደፍኖ ሳለ ስሙን ማን ጠበቀው? ያለ ጥርጥር የአብርሃም ቤተ ሰብ በአፉ ጠበቀው። ስሙ ባይጠበቅ ኖሮ ውሃው ቢገኝ እንኳ የአባት ውሃ መሆኑ አይታወቅም ነበር።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የይስሐቅ ሰዎች አዲስ ጕድጓድ ሲቆፍሩ ከአገሩ እረኞች ጋር ተጣሉ፤ ጕድጓዱም ጠብን በሚያመለክት ስም ኤሴቅ ተባለ። ሁለተኛ ቆፈሩ፤ ደግሞ ተጣሉ፤ ስሙም ስጥና፣ ጠላትነት ማለት ሆነ። ሦስተኛውን ሲቆፍሩ ግን የተጣላ አልነበረም፤ ስሙን ርኆቦት አሉት፤ ስፋት ማለት ነው፤ ለሁሉም የሚበቃ ቦታ ተገኝቷልና። የምንኖርበት ስፍራ ከሦስቱ ስሞች በየትኛው እንደሚጠራ የሚወስነው በአጥር የሚለያዩት ጎረቤታሞች ጠባይ ነው።

ያ የቡራዩ አባት «የሌለ ሰፈር ታሪክ ለልጆቼ ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል?» ሲል ጠይቆን ነበር። መልሳችን ይህ ነው፤ ወንድማችን ሆይ፣ ጎሹም እኮ የለም። ከእኚያ እናት በፊት፣ ከእናታቸውም በፊት ከገፈርሳ ጠፍቷል። ሆኖም ስሙን የተቀባበሉ ሰዎች ስለነበሩ፣ ልጅህ ዛሬ በደብተሩ ጻፈው። አንተም የሰፈርህን ስም ብትነግረው፣ ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ሳይሆን ከሁለት አገር ስም የወረሰ ልጅ ይሆናል። ዝም ብትል ግን፣ ግድግዳውን ካፈረሰው መኪና ይልቅ የበለጠ የሚያፈርሰው ዝምታህ ነው። ሰፈርህ ሲፈርስ ዕድርህ አልፈረሰም፤ ለቀብር፣ ለማኅበርና ለሰንበቴ ከየአቅጣጫው የምትሰባሰቡት በዚያው በአሮጌው ስም አይደለምን?

ስለዚህ ለቤተ ሰቦቻችን ሦስት ነገሮችን በትሕትና እንመክራለን።

አንደኛ፣ ወደ አዲስ ቦታ የገባ ቤተ ሰብ የቦታውን ስም ትርጉም ከዚያው አገር ሽማግሌ ወይም ባልቴት ይጠይቅ። ይህን የሚጠይቅ እንግዳ ጎረቤቱን አከበረ ማለት ነው፤ ሰው የአገሩን ስም ትርጉም ሲጠየቅ ደስ እያለው እንደሚናገር በዚያ ቡና ላይ አይተናል። ስሙንም ባለቤቶቹ በሚጠሩበት አኳኋን ለመጥራት እንሞክር፤ የሰውን ስም አጣሞ መጥራት ነውር እንደሆነ ሁሉ የአገሩንም ስም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአሮጌ ሰፈር የመጡ አባቶችና እናቶች የሰፈራቸውን ስም ከነታሪኩ፣ ታሪኩ ሁለት ከሆነም ሁለቱንም፣ ለልጆቻቸው ይንገሩ። ተረቱን ተረት፣ የተረጋገጠውንም የተረጋገጠ ብለው ይለዩላቸው እንጂ፣ ተረት ስለሆነ አይተዉት። ተረቱ የሰፈሩን ሕዝብ ሣቅና ፍርሃት ይዟልና።

ሦስተኛ፣ የቀደሙ ወላጆች ልጅ ሲወለድ ቀኑን በዳዊታቸው ባዶ ቅጠል ላይ ይጽፉት እንደነበር እናስታውሳለን። እኛም ከልጁ ስምና ከክርስትና ስሙ ቀጥሎ የተወለደበትን ሰፈር ስም፣ የስሙንም ትርጉም፣ የነገረንን ሰው ጭምር እንጻፍ። ቤት ቢቀየር፣ ከተማም ሌላ ስም ቢወጣላት፣ ዳዊቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ይጓዛል።

ከዚያ ቤት ተሰናብተን ስንወጣ ልጁ ደብተሩን አሳየን። መምህሯ የጠየቀችው አንድ ስም ነበር፤ እርሱ ግን ሁለት መስመር ጽፏል። በመጀመሪያው መስመር «ገፈርሳ፤ ጎሽ ማለት ነው፤ የነገሩኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው» ይላል። በሁለተኛው ደግሞ «ዶሮ ማነቂያ፤ አባቴ የተወለደበት ነው፤ ዶሮዎቹን ማን እንዳነቃቸው ገና አልታወቀም» ይላል።

መምህሯ ስንት ነጥብ እንደሰጠችው አልሰማንም። እኛ ግን ሙሉውን ሰጥተነዋል።

የአባቶቻችንን ጕድጓድ ከነስሙ የምንጠብቅበትን ልቡና፣ ከጎረቤቶቻችንም ጋር በስፋት የምንኖርበትን ፍቅር እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።